ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ምክትሉ ይተካል የሚለው ነገር ከየት መጣ? ስለ 9ኙ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንቶች እንወያይ

ማህሌት_ዳላስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሲቲዝንሺፕ ፈተና እያነበብኩ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ፕሬዚዳንቱ ማገልገል ካልቻለ ማን ፕሬዚዳንት ይሆናል?" ይላል። መልሱ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው። ሁለቱም ካልቻሉስ? የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። እሺ፣ ይሄን መሸምደድ ቀላል ነው። እኔ ግን ከጀርባው ያለውን ማወቅ ፈለግኩ። የምኖረው ኬኔዲ የተገደለበት ከተማ ነው። ምክትሉ ሊንደን ጆንሰን ዋሽንግተን እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ እዚሁ ላቭ ፊልድ ኤርፖርት፣ አውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸመ ይባላል። ምን አጣደፈው? እንዲህ ዓይነት ነገር ስንት ጊዜ ደርሷል? ሰዎቹስ ሥራውን ቻሉት ወይ? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

የታሪክ_ወዳጅ

ማህሌት ጥሩ ጥያቄ አነሳሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

እስካሁን 9 ምክትል ፕሬዚዳንቶች በዘመኑ መሐል መንበሩን ተረክበዋል። 8ቱ የገቡት ፕሬዚዳንቱ ሞቶ ነው። ሊንከን፣ ጋርፊልድ፣ ማኪንሊና ኬኔዲ በጥይት ተገደሉ፣ ሃሪሰን፣ ቴይለር፣ ሃርዲንግና ፍራንክሊን ሩዝቬልት ታመው ሞቱ። 9ኛው ጄራልድ ፎርድ ነው፣ እሱ የገባው ኒክሰን ሥልጣን ስለለቀቀ ነው። እስከ ዛሬ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት 50 ሰዎች ናቸው። ከአምስት ወይም ከስድስት ምክትሎች አንዱ ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ምክትሉ "ፕሬዚዳንት ይሆናል" ብሎ በግልጽ አላስቀመጠም። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት፣ ቢለቅ ወይም ሥራውን መሥራት ቢያቅተው ነገሩ ወደ ምክትሉ ያልፋል ነው የሚለው። የሚያልፈው ግን ምንድን ነው? ሥልጣኑና ኃላፊነቱ ብቻ ነው ወይስ መንበሩ ራሱ? ሥልጣኑ ብቻ ከሆነ ሰውዬው ምክትል ሆኖ ይቀጥልና ተጠባባቂ ይባላል። መንበሩ ከሆነ ሙሉ ፕሬዚዳንት ነው። አረፍተ ነገሩ በሁለቱም መንገድ ይነበባል። ለ50 ዓመት ግድም ማንም አልተጨነቀበትም፣ ምክንያቱም ሥልጣን ላይ እያለ የሞተ ፕሬዚዳንት አልነበረም።

1841 ላይ ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ማርች 4 ገባ፣ ኤፕሪል 4 ሞተ። ምክትሉ ጆን ታይለር ዊሊያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ ቤቱ ነበር። ጎህ ሲቀድ መልእክተኛ በሩን አንኳኳ። ዋሽንግተን ሲደርስ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተጠባባቂ ሆኖ ካቢኔው የሚለውን እየሰማ እንዲሠራ ነበር። እሱ ግን ኤፕሪል 6 ቃለ መሐላ ፈጸመና እኔ ፕሬዚዳንት ነኝ አለ። "ለተጠባባቂ ፕሬዚዳንት" ተብሎ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሳይከፍት ይመልስ ነበር። ጠላቶቹ ድንገቴው እያሉ ሰደቡት። ያም ሆኖ ኮንግረሱ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ብሎ ተቀበለው፣ ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ የእሱን ፈለግ ተከተሉ።

በጽሑፍ የሰፈረው መቼ ነው ብትዪ 1967 ነው፣ 25ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ። በመሐል 126 ዓመት አለ። ይህን ሁሉ ዘመን የዚህ ትልቅ አገር ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው ያለፈው አንድ የቨርጂኒያ ሰው ባሳየው ድፍረት ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔን ይሄ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነት ሕግ ነው።

ናቲ_ቨርጂኒያ

ወንድሜ "ድፍረት" ማለትህ አልተዋጠልኝም። ታይለር ያደረገው ሕጉ ያልሰጠውን መውሰድ ነው። ጆን ክዊንሲ አዳምስ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ነበር፣ ያኔ ደግሞ የምክር ቤት አባል፣ ሰውዬው ሕገ መንግሥቱን እየጣሰ ነው ብሎ በማስታወሻው ጽፏል። አዳምስ ሞኝ ሰው አልነበረም።

ደግሞ ውጤቱን እዩት። ታይለርን ያስመረጠው ዊግ ፓርቲ ነው። ታይለር ግን በልቡ ዊግ አልነበረም፣ የደቡብ ድምፅ ይሰበስባል ተብሎ የተለጠፈ ሰው ነው። ፓርቲው ብሔራዊ ባንክ ይቋቋም ብሎ ሕግ ሲያወጣ ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረገው። በሴፕቴምበር 1841 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳንኤል ዌብስተር በቀር ካቢኔው በሙሉ ለቀቀ። ፓርቲው አባረረው። ሊከሱት ሁሉ ሞክረው ነበር። ፓርቲ የሌለው ፕሬዚዳንት ሆኖ ዘመኑን ጨረሰ። መጨረሻ ላይ ከደቡቦቹ ተገንጣዮች ጋር ሆኖ፣ ለእነሱ ምክር ቤት ተመርጦ ነው የሞተው። ሕዝቡ የመረጠው ሃሪሰንን ነው፣ ያገኘው ግን ይሄን ነው።

የታሪክ_ወዳጅ

ናቲ፣ ስለ ሰውዬው ያልከው እውነት ነው። ባሪያ አሳዳሪ ነበር፣ አላወድሰውም። ግን ሁለት ነገር አንለያይ? ታይለር የሠራው ፖለቲካ ሌላ፣ የተከለው ሥርዓት ሌላ። ተጠባባቂ ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ አራት ዓመት ሙሉ ማን ነው አለቃው የሚል ጭቅጭቅ ነበር የሚሆነው። ካቢኔው በድምፅ ብልጫ ያዝዘው ነበር። ወታደሩስ ማንን ይሰማል? የውጭ አገር መንግሥትስ ከማን ጋር ይዋዋላል? ሰው ሲሞት መንበሩ አንድ ቀን እንኳ ባዶ እንዳይሆን ያደረገው ያ ውሳኔ ነው።

ያንተ ቅሬታ በትክክል የሚያርፈው ምክትል በሚመረጥበት መንገድ ላይ ነው። እዚያ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ምክትሉን የሚመርጡት ነገ መንበሩ ላይ ይቀመጣል ብለው ሳይሆን ኖቬምበር ላይ ድምፅ ያመጣል ብለው ነው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ።

ሄኖክ_ሚኒሶታ

የባሰው አንድሩ ጆንሰን ነው። ስሙን ሳየው ደሜ ይፈላል።

የሊንከን የመጀመሪያ ምክትል ሃኒባል ሃምሊን ይባላል፣ ከሜይን፣ ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው። በ1864 ምርጫ እሱን አውጥተው ጆንሰንን አስገቡ። ለምን? የቴነሲ ሰው ነው፣ ዴሞክራት ነው፣ ግዛቱ ስትገነጠል ሴኔቱ ውስጥ ጸንቶ የቀረ ብቸኛው የተገንጣይ ግዛት ሴናተር ነው። አገር ያስታርቃል ተባለ። ማርች 4 ቀን 1865 ቃለ መሐላውን ሲፈጽም ሰክሮ ነበር፣ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሊንከን በተተኮሰበት ሌሊት እሱንም የሚገድል ሰው ተመድቦለት ነበር፣ ሆቴሉ ድረስ መጥቶ ወኔ ከዳው።

ከዚያስ? ከባርነት ለወጡ ሰዎች በጦርነቱ መጨረሻ የተከፋፈለላቸውን መሬት ለድሮ ጌቶቻቸው አስመለሰ። ብዙዎቹ እኮ አርሰው ዘርተውበት ነበር። የ1866ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ውድቅ አደረገ፣ ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ሽሮት ሕጉን አጸደቀ። 14ኛውን ማሻሻያ ተቃወመ። እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለው ያ ማሻሻያ ነው! የእኛ ልጆች ዜግነት እዚያ ላይ ነው ያለው።

በ1868 ተከሰሰ፣ ሴኔቱ በ35 ለ19 ድምፅ ሰጠ፣ ለማውረድ 36 ያስፈልግ ነበር። በአንዲት ድምፅ ተረፈ። አሁን የሚገርመውን ስሙ። ጆንሰን ራሱ ምክትል ስለነበር ሥሩ ምክትል አልነበረም። እሱ ቢወርድ የሚተካው የሴኔቱ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዌድ ነበር። ያ ዌድ ራሱ ከሚፈርዱት ሴናተሮች አንዱ ነበር፣ ጥፋተኛ ነው ብሎም ድምፅ ሰጠ። ወራሹ ፈራጅ ሆኖ ተቀምጦ ማለት ነው። ይሄ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?

ብሩክታዊት

ሄኖክ ያነሳው የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነገር ነው። እስከ 1967 ድረስ ምክትሉ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሲሞት ወይም ሲለቅ ቦታው እስከሚቀጥለው ምርጫ ባዶ ነበር። ከማሻሻያው በፊት 16 ጊዜ ባዶ ሆኗል፣ 8 ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሞቶ፣ 7 ጊዜ ምክትሉ ሞቶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካልሁን በ1832 ለቆ። ትሩማን ከኤፕሪል 1945 እስከ ጃንዋሪ 1949 ያለ ምክትል ነው የሠራው። አራት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም።

እኔ ግን ሞትን ሳይሆን ሌላውን ልጠይቅ። ፕሬዚዳንቱ ሳይሞት ቢተኛስ? ጋርፊልድ ጁላይ 2 ቀን 1881 በጥይት ተመታ፣ ሴፕቴምበር 19 ሞተ። 79 ቀን አልጋ ላይ። ሐኪሞቹ ጥይቱን ፍለጋ ባልታጠበ እጅ ቁስሉን ይነካኩት ነበር፣ ብዙ ሰው ያ ነው የገደለው ይላል። በእነዚያ ቀናት አገሩን ማን አስተዳደረ? ማንም! ምክትሉ ቼስተር አርተር ቢሮው ለመግባት ፈራ። ገዳዩ ሲያዝ "አርተር ፕሬዚዳንት ይሆናል" ብሎ ጮኾ ነበር፣ ስለዚህ አርተር አንድ እርምጃ ቢራመድ ሰው ሁሉ ተባባሪ ነው ሊለው ነው። ደግሞ የታይለር ፈለግ ራሱ ነገሩን አባሰው፣ ምክትሉ አንዴ ከገባ ሙሉ ፕሬዚዳንት ነውና ጋርፊልድ ቢድን ተመልሶ መንበሩን እንዴት ያገኛል? ስለዚህ ዝም ተባለ።

የታሪክ ወዳጅ፣ ተጠባባቂነትን ያቃለልከው ይመስለኛል። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ተጠባባቂ ብቻ ነው።

ናቲ_ቨርጂኒያ

@ብሩክታዊት አመሰግናለሁ፣ ልል የፈለግኩትን ከእኔ በተሻለ ተናገርሽው።

የታሪክ_ወዳጅ

ብሩክታዊት ትክክል ነሽ። 25ኛው ማሻሻያ ያንን ነው ለይቶ ያስቀመጠው። ሞት፣ ከሥልጣን መልቀቅ ወይም መባረር ከሆነ ምክትሉ ፕሬዚዳንት ይሆናል፣ ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ሕመም ከሆነ ግን ተጠባባቂ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ሲድን ይመለሳል። ለምሳሌ ኖቬምበር 2021 ላይ ባይደን ለምርመራ ማደንዘዣ ሲወስድ ካማላ ሃሪስ ለአንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ነበረች። ቡሹ ልጅየውም በ2002 እና በ2007 ለዲክ ቼኒ እንዲሁ አድርጓል። ምክትሉና ካቢኔው ተስማምተው ፕሬዚዳንቱ ሳይፈልግ የሚያስቆሙበት አንቀጽም አለ፣ እስካሁን ማንም አልተጠቀመበትም።

ስለ አርተር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰውዬው የኒው ዮርክ ጉምሩክ ኃላፊ የነበረ፣ ሥራ በዘመድና በፓርቲ የሚታደልበት ሰንሰለት ያሳደገው ሰው ነው። ሁሉም ሰው አገሪቱ አለቀላት ብሎ ነበር። እሱ በ1883 የመንግሥት ሥራ በፈተናና በችሎታ ይሰጥ የሚለውን የፔንድልተን ሕግ ፈረመ። የድሮ ጓደኞቹ ከዳን አሉ። መንበር ሰውን ያበላሻል ብቻ እንላለን፣ አርተርን ግን አቀናው።

ጋሽ_ደምሴ

ልጆች፣ ውይይታችሁን በጥሞና እያነበብኩ ነው። በርቱ። እኔ ስለ ትሩማን ጥቂት ልጻፍ።

ጃንሆይ ሩዝቬልትን ያገኟቸው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ነው፣ ግብፅ ውስጥ ታላቁ መራራ ሐይቅ በሚባለው ቦታ፣ ኩዊንሲ በምትባል የጦር መርከብ ላይ። ሩዝቬልት ከያልታ መመለሳቸው ነበር። ኢትዮጵያ ብዙ ጉዳይ ነበራት፣ የባሕር በሩ አለ፣ የኤርትራ ነገር አለ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ኤፕሪል 12 ሩዝቬልት አረፉ። በእጅ የተያዘው ሁሉ ከማያውቁት ሰው ጋር እንደገና መጀመር ነበረበት። ትናንሽ አገሮች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ቃል የሚገባላቸው ሰው ነውና።

ትሩማን ምክትል ሆነው የቆዩት 82 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ሩዝቬልት አማክረዋቸው አያውቁም ማለት ይቻላል። የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ እንኳ አልነገሯቸውም! ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ምሽት የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን ጠጋ ብለው አዲስ መሣሪያ እየተሠራ ነው አሏቸው፣ ሙሉውን ያወቁት ኤፕሪል 25 ነው። ኦገስት 6 ሂሮሺማ ላይ ተጣለ። ከማወቅ እስከ መጣል ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ። እኔ ሩዝቬልትን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን ይቅር አልላቸውም። እንደማይቆዩ ሰውነታቸው እየነገራቸው፣ ሐኪማቸው እያወቀ፣ የሚተካቸውን ሰው በጨለማ አስቀመጡት።

ሄኖክ_ሚኒሶታ

ጋሼ እርስዎ ሲጽፉ ክሩ ይከብዳል፣ እግዚአብሔር ያቆይልን። በ1944 ግን የፓርቲው ትላልቆች ሩዝቬልት እንደማይቆዩ ስለገባቸው ነው በምክትሉ ላይ የተናቆሩት አይደል? ሄንሪ ዋላስን አውጥተው ትሩማንን ያስገቡት ነገ መንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ይሁን ብለው ነው። ታዲያ ለአንዴም ቢሆን ለወንበሩ ታስቦ የተመረጠ ምክትል አገኘን ማለት ነው።

ጋሽ_ደምሴ

ልክ ነህ ልጄ። መርጠውታል፣ ግን አላዘጋጁትም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ማህሌት_ዳላስ

ኧረ ዋው። አንድ መስመር መልስ ነው ያልኩት ነገር ስንት ጉድ አለው። ጋሽ ደምሴ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። የእኔ የዳላስ ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

የታሪክ_ወዳጅ

ማህሌት አልረሳሁትም።

ኬኔዲ ፓርክላንድ ሆስፒታል መሞቱ የታወጀው ከቀኑ 1፡00 ሰዓት ነው በአሜሪካ አቆጣጠር። ጆንሰን ቃለ መሐላ የፈጸመው 2፡38 ላይ። በሕጉ ልማድ ኬኔዲ እንደሞተ ፕሬዚዳንቱ ጆንሰን ነው። ግን ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይማል ይላል። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር ሊዋጉ ከተቃረቡበት ከኩባ የሚሳኤል ቀውስ ገና አንድ ዓመት ነው ያለፈው። ግድያው የአንድ ሰው ሥራ ይሁን የውጭ መንግሥት ማንም አያውቅም፣ ሊንከን የተገደለ ሌሊት ምክትሉም ታልሞ እንደነበር ደግሞ ታሪክ አለ። ጆንሰን ለኬኔዲ ወንድም፣ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ስልክ ደወለ። የመሐላው ቃል ከዋሽንግተን በስልክ ተነበበላቸው። የዳላሷ የፌዴራል ዳኛ ሳራ ሂዩዝ ተጠራች፣ ፕሬዚዳንትን ያስማለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ጃክሊን ኬኔዲ ያለ ባሏ አስከሬን አልሄድም አለች፣ ጆንሰን ደግሞ ያለ እሷ አልሄድም አለ። ስለዚህ ሁሉም አውሮፕላኑ ውስጥ ተጠባበቁ። ፎቶውን አይተሽው ይሆናል፣ ደም የነካው ልብሷን ሳትቀይር አጠገቡ ቆማለች። መጣደፍ ብቻ አልነበረም፣ ሕዝቡም ዓለምም ፎቶውን አይቶ መንግሥት አለ እንዲል ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። በ1923 ሃርዲንግ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሞት ካልቪን ኩሊጅ ቨርሞንት አባቱ ቤት ነበር፣ መብራት የሌለበት የገጠር ቤት። ከሌሊቱ 2፡47 ላይ በላምባ ፋኖስ ብርሃን አባቱ ራሱ አስማለው፣ የሰነድ አረጋጋጭነት ሹመት ስለነበረው።

ጋሽ_ደምሴ

ለኬኔዲ ቀብር ጃንሆይ ዋሽንግተን ሄደው ነበር። ኦክቶበር 1963 ላይ እንግዳቸው ሆነው ተቀብለዋቸው ነበር፣ ኖቬምበር 25 ደግሞ ከደጎል ጋር በእግራቸው አስከሬኑን አጀቡ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ በሬዲዮ ነው የሰማነው። ሰው አልቅሷል።

ሰላም_ሲያትል

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እዚህ የተሰበሰብነው አብዛኞቻችን ስደተኛ ነን። የዚህ አገር የኢሚግሬሽን ሕግ ታሪክ በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው የተጻፈው፣ በጣም ይገርማል።

አርተር ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ በ1882 ፈረመ። መጀመሪያ ለ20 ዓመት የሚለውን መልሶት ነበር፣ ለ10 ዓመት ሲሉት ፈረመ። ኩሊጅ የሃርዲንግን ዘመን እየጨረሰ ሳለ የ1924ቱን የኮታ ሕግ ፈረመ፣ በዚያ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነው። ትሩማን በ1952 ኮታውን የሚያስቀጥለውን ሕግ ውድቅ ቢያደርግም ኮንግረሱ አሸነፈው። ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የነጻነት ሐውልቱ ሥር ተቀምጦ የትውልድ አገር ኮታውን የሻረውን ሕግ ፈረመ። የዘጋውም፣ ያጠበበውም፣ የከፈተውም እንዲህ ድንገት መንበር ላይ የወጣ ሰው ነው። በመጀመሪያ ሲገቡ ማንም ለዚህ ብሎ አልመረጣቸውም።

አርተርን "አቀናው" ስትሉ ይሄም አብሮ ይነገር።

የታሪክ_ወዳጅ

ሰላም ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እንዲህ አገናኝቼ አስቤው አላውቅም። አዎ፣ አብሮ መነገር አለበት።

አንድ ነገር ብቻ፣ ትሩማንም ጆንሰንም በፈረሙበትና ውድቅ ባደረጉበት ጊዜ በራሳቸው ተመርጠው ነበር፣ ትሩማን በ1948፣ ጆንሰን በ1964። እዚህ ላይ ደስ የሚል ልዩነት አለ። በ1800ዎቹ የተተኩት አራቱ፣ ታይለር፣ ፊልሞር፣ አንድሩ ጆንሰንና አርተር፣ ለቀጣዩ ምርጫ የየፓርቲያቸውን ዕጩነት እንኳ አላገኙም። በ1900ዎቹ በሞት የተተኩት አራቱ፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ኩሊጅ፣ ትሩማንና ሊንደን ጆንሰን፣ ሁሉም ተወዳድረው አሸነፉ። ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው መንገዱን የከፈተው። የኒው ዮርክ ፓርቲ አለቆች ከገዥነቱ ገለል እንዲልላቸው ብለው ነበር ወደ ምክትልነት የገፉት፣ በስድስት ወሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ 42 ዓመቱ ነበር።

ናቲ_ቨርጂኒያ

ሰላም፣ የ1965ቱ በር ከፈተ፣ ግን ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በኩል የመጡት የገቡት በ1980 ካርተር በፈረመው የስደተኞች ሕግ ነው። ዲቪ ደግሞ ከ1990ው ሕግ ነው። ለታሪኩ ሙሉነት ብዬ ነው።

ሰላም_ሲያትል

እውነት ነው፣ የእኔም ቤተሰብ በ1980ው ነው የገባው። የጆንሰኑ ሕግ ባይቀድም ግን ያኛው የሚታሰብ አይመስለኝም።

ብሩክታዊት

ፎርድን እኮ ዘለላችሁት። ከሁሉም የሚለየው እሱ ነው።

ጆንሰን በ1963 ሲገባ ምክትል የለውም፣ ራሱ በ1955 ከባድ የልብ ሕመም ይዞት ያውቃል። ቀጥሎ ያለው አፈ ጉባኤ ማኮርማክ 71 ዓመቱ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የሴኔቱ ካርል ሄይደን 86 ዓመቱ። ያ ነገር ነው ኮንግረሱን አስደንግጦ 25ኛውን ማሻሻያ ያስወጣው። የምክትሉ ቦታ ባዶ ሲሆን ፕሬዚዳንቱ ሰው ያቀርባል፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ያጸድቃሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ አስፈለገ። ምክትሉ ስፒሮ አግኒው ኦክቶበር 1973 በግብር ማጭበርበር ክስ ለቀቀ። ኒክሰን ፎርድን አቀረበ፣ ሴኔቱ በ92 ለ3፣ ምክር ቤቱ በ387 ለ35 አጸደቀው። ኦገስት 9 ቀን 1974 ኒክሰን ለቀቀና ፎርድ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ ፎርድ ደግሞ ኔልሰን ሮክፌለርን ምክትል አደረገ። አገሪቱ ሁለቱንም ሳትመርጣቸው ሁለት ዓመት መሩ። ማሻሻያው ባይኖር ኖሮ የሚገባው አፈ ጉባኤ ካርል አልበርት ነበር፣ ዴሞክራት! የኒክሰን ተቃዋሚ ፓርቲ በአንድ ቀን ኋይት ሀውስ ይገባ ነበር።

ጋሽ_ደምሴ

1974ን አስታወሳችሁኝ። ፎርድ ሴፕቴምበር 8 ለኒክሰን ምሕረት ሰጡ፣ በአራተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 12፣ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። እዚያ አገር መሪው ተገዶ ሲወርድ ሁሉም ወረቀቱን ገልጦ ቀጣዩ ማን እንደሆነ አነበበ። በእኛ አገር ያየነውን አይተናል። በኖቬምበር ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ስለ መተካካት ሕግ ስታወሩ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም።

ሄኖክ_ሚኒሶታ

ጋሼ፣ አሁን ያለውስ? በ2012 አቶ መለስ ኦገስት 20 ሲያርፉ ምክትላቸው አቶ ኃይለማርያም ወዲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ወይስ ይተካሉ ብቻ ተብሎ ያ ሁሉ ክርክር ነበር። አንቀጽ 75 ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌሉ ጊዜ ተክተው ይሠራሉ ይላል። ሞት "አለመኖር" ነው ወይስ ሌላ? ቃለ መሐላ የፈጸሙት ሴፕቴምበር 21 ነው፣ አንድ ወር ቆይተው። በሰላም አለፈ፣ ተመስገን። ግን ይሄ የታይለር ጥያቄ ራሱ ነው፣ እኛ ዘንድ ዛሬም በወረቀት አልተዘጋም።

የታሪክ_ወዳጅ

ሄኖክ፣ የፓርላማ ሥርዓት መሆኑ ይለያል፣ ምክር ቤቱ አዲስ መሪ ሊሰይም ይችላል። ግን መጻፍ አለበት በሚለው እስማማለሁ። በሰላሙ ቀን ነው የሚጻፈው፣ አስከሬን መሐል ላይ ተቀምጦ አይደለም።

ማህሌት_ዳላስ

የመጨረሻ ጥያቄ። አፈ ጉባኤው ወይም ሚኒስትሩ እንደ እኛ በኋላ ዜግነት ያገኘ ሰው ቢሆንስ?

ብሩክታዊት

ይዘለላል። ተራው ከምክትሉ ጀምሮ 18 ሰው ድረስ ይሄዳል፣ አፈ ጉባኤው፣ የሴኔቱ ተጠባባቂ፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና ሌሎቹ። ግን ለፕሬዚዳንትነት ብቁ ያልሆነ ሰው ተራው ቢደርስም አይገባም። ጀርመን የተወለደው ሄንሪ ኪሲንጀርና ፕራግ የተወለደችው ማድሊን ኦልብራይት ውጭ ጉዳይ ሆነው ከመስመሩ ውጭ ነበሩ። ምክትል ፕሬዚዳንት መሆንም አይቻልም፣ 12ኛው ማሻሻያ ዘግቶታል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ይችላሉ፣ 35 ዓመት ሲሞላቸው።

ናቲ_ቨርጂኒያ

አፈ ጉባኤው መስመሩ ውስጥ መግባቱ ራሱ ትክክል አይደለም እላለሁ። ከ1886 እስከ 1947 ከምክትሉ ቀጥሎ የነበሩት ሚኒስትሮቹ ናቸው፣ ቢያንስ ሟቹ ፕሬዚዳንት የመረጣቸው ሰዎች ናቸው። ትሩማን ነው በ1947 አፈ ጉባኤውን ያስቀደመው፣ በሕዝብ የተመረጠ ይሻላል ብሎ። እኔ ግን ሕዝቡ አንድን ፓርቲ መርጦ ሌላው ፓርቲ ሊገዛው የሚችልበትን ቀዳዳ አልወደውም። የዌድን ነገር ሄኖክ ጽፎታል።

ሄኖክ_ሚኒሶታ

አይ ናቲ፣ እዚህ ላይ ከትሩማን ጋር ነኝ። ሚኒስትርን ማን መረጠው? ማንም። አፈ ጉባኤን ቢያንስ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶታል፣ ከዚያ መላው ምክር ቤት። ለዚህ አዲስ ክር ክፈት፣ እዚያ እንገናኝ።